የመስክ መኪና ጎማና የማይታየው ጕድለቱ

(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ)



የመንግሥት ሥራ በጽሕፈት ቤት ውስጥ ብቻ የሚፈጸም አለመሆኑ የታወቀ ነው። ክትባት የሚያዳርሰው፣ የእርሻ ምክር የሚሰጠው፣ የትምህርት ቤት ሕንጻ የሚመረምረው፣ ሒሳብ የሚያጣራው ሠራተኛ ሁሉ ወረቀቱን አጥፎ ወደ መስክ የሚወጣበት ቀን አለው። ወደ መስክ የሚያደርሰውም ብዙውን ጊዜ በአራቱም ጎማ የሚስብ መኪና ነው። ስለዚህ መኪና ሞተር ብዙ ይነገራል፤ ነገር ግን ሞተር ቢቆም ተሳፋሪውን መንገድ ላይ ከማስቀረት በቀር ብዙ ጕዳት አያደርስበትም። የጎማ ነገር ከዚህ የተለየ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና የፊት ጎማው በድንገት ቢፈነዳ፣ ሾፌሩ አንድ ቃል ተናግሮ ሳይጨርስ መኪናው ከመንገዱ ወጥቶ ሊገለበጥ ይችላል። እንግዲህ ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚሁ ጎማ፣ ይልቁንም ጥርሱ ትልቅና ወፍራም ሆኖ ለሻካራ መንገድ ስለሚሠራው ጎማ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ መንገድ እንውሰድ። ወላይታ ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለች ከተማ ናት። ከሶዶ ወደ ምሥራቅ ሲኬድ በዱጉና ፋንጎ ወረዳ ውስጥ የዲምቱ ከተማ ትገኛለች። ከዲምቱ ወዲያ አገሩ እየሞቀ ወደ ብላቴ ወንዝ ይወርዳል፤ ብላቴም ወደ አባያ ሐይቅ ይገባል። ከሶዶ በማለዳ የተነሣ የጽሕፈት ቤት መኪና የደጋውን ቅዝቃዜ ይዞ ይወጣና ቀትር ሲሆን በቆላው ሙቀት ውስጥ ይገኛል። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ቀበሌዎቹ ሲታጠፍ ደግሞ ጠጠር፣ የጎርፍ ቦይ፣ የግራር እሾህና በክረምት ዋልካ ጭቃ ይቀበሉታል። አገሩ ጥንት እሳተ ገሞራ የነደደበት የስምጥ ሸለቆ ክፍል ስለ ሆነ ስለታም ድንጋይም አይጠፋበትም። ማታ ተመልሶ አስፋልት ላይ ሲወጣ ሾፌሩ የመሸበትን ለማካካስ ፍጥነት ይጨምራል። ያው ጎማ በአንድ ቀን ውስጥ ቅዝቃዜንና ትኵሳትን፣ እሾህንና ድንጋይን፣ ጭቃንና ፍጥነትን ተሸክሞ ዋለ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ውሎ በዲምቱ መንገድ ብቻ ሳይሆን ከደጋ ወደ ቆላ በሚወረድበት በአገራችን ክፍል ሁሉ ያለ ነው።

በሚነሣበት ጊዜ ተሳፋሪው አንደኛው ጎማ ትንሽ ያበጠ ቢመስለው «ይህ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ሾፌሩን ይጠይቃል። ሾፌሩም «አይዞዎት፣ ይደርሳል፤ ትናንትም ሄጄበታለሁ» ይላል። በእኔ አስተያየት በመንግሥት መኪናዎች ዘንድ «ይደርሳል» የሚለውን ቃል ያህል ሰው የጐዳ ቃል ጥቂት ነው። ሾፌሩ ይህን የሚለው ስለ ሰው ሕይወት ሳይገደው ቀርቶ አይደለም። ሌላ ጎማ እንደሌለው፣ ቢጠይቅም ግዥው ወራት እንደሚፈጅ፣ ጕዞው ቢቀር ደግሞ ወቀሳው በእርሱ ላይ እንደሚሆን ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ ጎማን የማወቅ ኀላፊነት የሾፌሩ ብቻ ሊሆን አይገባም፤ የመውጫ ፈቃድ የሚፈርመውም፣ ዕቃ የሚረከበውም፣ በመኪናው የሚሳፈረውም ባለ ድርሻዎች ናቸው።

ጎማ ከውጭ ሲታይ አንድ ወጥ ጥቁር ነገር ይመስላል እንጂ ብዙ ንብርብር ያለው ሥራ ነው። ከውስጥ አየር የማያሳልፍ ስስ ሽፋን አለ። በዚያ ላይ ከጠንካራ ክር የተሠራ ሸማ መሰል አካል ይደረባል። በቸርኬው ላይ የሚቀመጠው ከንፈሩ በብረት ሽቦ የተጠናከረ ነው። መንገዱን ከሚረግጠው ጥርስ ሥር ደግሞ ከቀጭን የብረት ሽቦ የተሠሩ ቀበቶዎች ዙሪያውን ይታጠቃሉ። ይህ ሁሉ በጎማ ሙጫ ተያይዞ በትኵሳት ይበስላል፤ ሙጫን ከድኝ ጋር አብስሎ ማጠንከርን አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1839 ነበር። ሸክሙን የሚሸከመው ግን ጎማው ራሱ ሳይሆን በውስጡ የታመቀው አየር ነው። ጎማው አየሩን አምቆ የሚይዝ ከረጢት ነው ቢባል ከእውነቱ የራቀ አይሆንም። እያንዳንዱ ጎማ መሬት የሚነካበት ስፍራም ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት ስፋት አይበልጥም፤ ሁለት ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና በአራት ወረቀት ላይ ቆሞ ይሮጣል ማለት ነው።

የጎማ ጕድለት ሁለት ዐይነት ምንጭ አለው። አንዱ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ሲሆን ሁለተኛው በእኛ እጅ የሚያገኘው ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው ብዙ ባይሆንም አለ። ከሁሉ የከፋው ቀበቶዎቹ በደንብ ሳይያያዙ ቀርተው ከጊዜ በኋላ እርስ በርሳቸው መላቀቃቸው ነው። እንዲህ የሆነ ጎማ ከውጭ ደኅና ይመስላል፤ ጥርሱም ገና አዲስ ሊሆን ይችላል። በውስጡ ግን አንዱ ንብርብር ከሌላው እየተፋተገ ይግላል፤ መላቀቁም በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየሰፋ ይሄድና አንድ ቀን በሙቀትና በፍጥነት ጊዜ ጥርሱን የተሸከመው ሽፋን እንደ ልጣጭ ተገሽልጦ ይወድቃል።

ይህ እንዲያው በሐሳብ የሚነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 2000 የፋየርስቶን ኩባንያ በአሜሪካ 6.5 ሚሊዮን ያህል ጎማዎችን ከገበያና ከባለቤቶች እንደሚሰበስብ አስታወቀ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የፎርድ ኩባንያ በሚሠራው ኤክስፕሎረር በሚባለው የመስክ መኪና ላይ የተገጠሙ ሲሆኑ፣ ከስማቸው አንዱ ዊልደርነስ ኤ.ቲ. የሚል ነበር፤ «ዊልደርነስ» ማለት በረሓ ወይም ዱር ማለት ነው። ለዱር ተብሎ የተሠራው ጎማ በሰፊው አስፋልት ላይ ሽፋኑ እየተላቀቀ መኪናዎቹን ገለበጠ። የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከዚህ ጋር የተያያዘውን ሞት 271 አድርሶ መዝግቦታል። ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ግን አደጋው የታየበት ስፍራ ነው። በአሜሪካ አደጋው የበዛው ሙቀት በሚጸናባቸው በደቡብ ክፍለ አገሮች ሲሆን፣ ከዚያ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1999 የፎርድ ኩባንያ በሳዑዲ ዐረቢያ ያሉትን ጎማዎች መለወጥ ጀምሮ ነበር። በምርመራውም የጎማው አሠራር ጕድለት ብቻ ሳይሆን የአየሩ ነገር ብዙ አከራክሯል፤ ፎርድ ለዚያ መኪና የመደበው አየር 26 ፒ.ኤስ.አይ. ስለ ነበር ፋየርስቶን አነሰ ብሎ ወደ 30 ከፍ እንዲል ፈልጎ ነበር። ጎማ ሠሪውና መኪና ሠሪው ጥፋቱን እርስ በርስ ሲጣጣሉ አንድ ነገር ግልጽ ሆነ፤ ደካማ ጎማ፣ ያነሰ አየር፣ ከባድ ጭነት፣ ሙቀትና ፍጥነት በአንድነት ሲገናኙ አደጋ ይመጣል። እነዚህ አምስቱ ደግሞ ከዲምቱ በሚመለስ የመስክ መኪና ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊገናኙ የሚችሉ ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ አየር ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም በእኛ እጅ ከሚደርሰው ጕድለት አብዛኛው ከዚህ ይመነጫልና። አየር ያነሰው ጎማ በተንከባለለ ቍጥር ጎኑ ይተጣጠፋል። ሽቦን ደጋግመን ብናጥፈው ግሎ እንደሚበጠስ ሁሉ የጎማውም ጎን በመተጣጠፍ ብዛት ይግልና ክሩ ይደክማል። የመስክ ጎማ ወፍራም በመሆኑ ትኵሳቱን ቶሎ አያስወጣም። ጠንካራ ነው ብለን የምንመካበት ውፍረቱ በዚህ ረገድ ጠላቱ ይሆናል። ሌላም የሚያታልል ነገር አለ። ጎኑ ጠንካራ ስለ ሆነ አየሩ በብዙ ቢጐድልም ቀጥ ብሎ ይቆማል። ብዙ ሾፌሮች ጎማውን በጫማቸው መታ መታ አድርገው «ደኅና ነው» ይላሉ፤ በዚህ መንገድ ግን 25 እና 40 የተሞላውን ለይቶ ማወቅ አይቻልም። የሚለየው መለኪያው ብቻ ነው፤ መለኪያውም በኪስ የሚያዝ ትንሽ ዕቃ ነው።

አየር የሚለካው በማለዳ መኪናው ሳይነሣ ነው። የአየሩ ሙቀት 5 ወይም 6 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር ግፊቱ 1 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ይጨምራል፤ በመንገድ ላይ ደግሞ ጎማው ራሱ ስለሚሞቅ ከዚህም ይበልጣል። ስለዚህ በዲምቱ ቀትር ላይ ተለክቶ «በዛ» ተብሎ አየር ቢቀነስለት፣ በማግስቱ ጧት ሶዶ ላይ ሲቀዘቅዝ ከሚገባው በታች ወርዶ ይገኛል። በጕዞ ላይ የሞቀን ጎማ ማስተንፈስ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ምን ያህል መሞላት እንደሚገባው የሚነግረው በሾፌሩ በር አጠገብ የተለጠፈው ሰሌዳ ነው፤ በጎማው ጎን የተጻፈው ቍጥር ግን ጎማው ሊሸከም የሚችለው የመጨረሻ ልክ ነውና አንዱ ከሌላው አይምታታ። ሰሌዳው ብዙውን ጊዜ ለባዶና ለሙሉ ጭነት የተለያየ ልክ ያመለክታል፤ አምስት ሰው፣ ሁለት በርሜል ነዳጅና የክትባት ሣጥን የጫነ መኪና ሙሉ ጭነት የያዘ ነው።

በዋልካ ወይም በአሸዋ ውስጥ መኪናው ሲያዝ አየሩን ወደ 20 ዝቅ ማድረግ ጎማውን ስለሚያሰፋው መልካም ብልኀት ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። አየር መሙያ በሌለበት ገጠር ያስተነፈሰው ሾፌር አስፋልት ላይ የሚወጣው በዚያው በ20 ነው፤ በ20 ሆኖ በፍጥነት መሮጥ ደግሞ ጎማውን ከውስጥ ማቃጠል ነው። ከመኪናው ባትሪ ኀይል የሚስብ ትንሽ የአየር መሙያ ዋጋው ከአንድ ጎማ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው። ማሽኑ ከሌለው ሾፌሩ ባያስተነፍስ ይሻላል፤ በአካፋና በድንጋይ መውጣት ይችላልና።

ጎማ በድንጋይና በቸርኬ መካከል ተጨፍልቆ ሲመታ በጎኑ ውስጥ ያለው ክር ይበጠሳል። በተበጠሰበት በኩል አየሩ ሙጫውን ገፍቶ እንደ እንቍላል ያለ እባጭ ያወጣል። ይህ እባጭ በጎኑ ላይ ከታየ ጎማው አበቃለት፤ የሚጠገንበት መንገድ የለም። በአንዳንድ ጎሚስታዎች ዘንድ ግን ሌላ ልማድ አለ። ጎኑ ከተጐዳው ጎማ ውስጥ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ደርበው፣ ያለ ከመነዳሪ እንዲሠራ በተፈጠረው ጎማ ውስጥ ከመነዳሪ ከተውበት «አሁን ልብ አድርገህ ንዳ» ብለው ይመልሱታል። ከመነዳሪ አየሩን ቢይዝም ለተበጠሰው ክር ኀይል አይሰጠውም፤ እንዲያውም ከጎማው ጋር እየተፋተገ ተጨማሪ ትኵሳት ይፈጥራል። ጎሚስታውን ለመውቀስ አልፈልግም፤ እርሱ የቀረበለትን ለማዳን የሚጥር ባለ ሙያ ነው። እባጭ ያለበትን ጎማ «ጠግንልኝ» ብሎ የሚወስድለት ግን ጽሕፈት ቤቱ ነው።

ሚስማር ወይም እሾህ የበሳው ጎማ ሌላ ነው። ቀዳዳው በሚረግጠው በጥርሱ ላይ ከሆነና ስፋቱ ከ6 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ በደንብ ሊጠገን ይችላል። ደንቡ ጎማው ከቸርኬው ወልቆ ውስጡ እንዲመረመር፣ ቀዳዳው ተደፍኖ ከውስጥ በኩል እንዲለጠፍበት ነው። ከውጭ በኩል ጎማው ሳይወልቅ እንደ ገመድ ያለ መድፈኛ መወተፍ እስከ ሚቀጥለው ከተማ ለመድረስ ያገለግላል፤ ለዓመት ግን አያገለግልም። ጎማው በሚወልቅበት ጊዜ ውስጡ የሙጫ ዱቄት ከተራገፈበት ወይም ጎኑ ዙሪያውን ቀለበት መሰል ጭረት ካወጣ አየር ሳይኖረው ተነድቷል ማለት ስለ ሆነ፣ ቀዳዳው የመርፌ ያህል ቢሆንም ከእንግዲህ ለሥራ አይበቃም። የግራር እሾህ በራሱ የሚያደርሰው ጕዳት ትንሽ ነው። ትልቁ ጕዳት የሚመጣው ከተበሳ በኋላ «ጥላ እስክናገኝ» እየተባለ በሚነዳው ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ነው።

ጕድለቱ ከመውጣቱ በፊት ምልክት ይሰጣል ወይ? ብዙ ጊዜ ይሰጣል። ትናንት ያልነበረ መንቀጥቀጥ ዛሬ በመሪው ላይ ከተሰማ ከፊት ጎማ፣ በመቀመጫው ላይ ከተሰማ ከኋላ ጎማ መሆኑ ይገመታል። መኪናው በዝግታ ሲሄድ እንደ አንካሳ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያረግድ ከሆነ ቀበቶው መላቀቅ ጀምሮ ይሆናል። በዕረፍት ጊዜ ወርዶ የእጅን ጀርባ ወደ አራቱም ጎማ በተራ ማስጠጋት ይገባል፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚግል ከሆነ አየር ጐድሎታል፣ ወይም ፍሬኑ ይዞታል፣ ወይም ከውስጥ ታሟል። በጥርሶቹ ላይ አንድ ስፍራ ብቻ ጎበጥ ብሎ ከታየ ወይም አንድ ወገን ብቻ ከተበላ ያው ነው። ምልክቱን ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያውቀው ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ ነው፤ የሾፌሩ ጆሮ በሞተሩ ላይ ነውና። «ሾፌሩን ማስቸገር ይሆንብኛል» ብሎ ዝም ማለት ጨዋነት ሊመስል ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ግን ጨዋነት መናገሩ ነው።

ጎማው በጕዞ ላይ ቢፈነዳ ሾፌሩ ማድረግ የሚገባው ከልማድ ጋር የሚጋጭ ነው። እግር በደመ ነፍስ ወደ ፍሬኑ ይሮጣል፤ ፍሬን በብርቱ ቢረገጥ ግን መኪናው ወደ ተጐዳው ወገን ይዞራል። መሪውን በሁለት እጅ አጽንቶ መያዝ፣ ነዳጁን ቀስ ብሎ መልቀቅ፣ መኪናው በራሱ ፍጥነቱን እስኪቀንስ ድረስ ቀጥ አድርጎ መምራት፣ ከዚያ በኋላ ወደ ዳር መውጣት ነው። የመስክ መኪና ቁመቱ ከፍ ያለ በመሆኑ ድንገተኛ የመሪ ማዞር ይገለብጠዋል። ተሳፋሪው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው ነገር የለም፤ ሊያደርገው የሚገባው ሲነሣ ቀበቶውን ማሰር ነበር።

ጎማውን ለመለወጥ መኪናው ደልዳላ ስፍራ ላይ ይቆማል፤ ደኅናዎቹ ጎማዎች በድንጋይ ይታገዳሉ። ዳዶዎቹ የሚላሉት መኪናው ገና መሬት ላይ ሳለ ነው። በለስላሳ አፈር ላይ ክሪክ ስለሚሰምጥ ከሥሩ ሳንቃ ይደረጋል። ክሪክ ላይ ባለ መኪና ሥር ማንም ሰው አይገባም። ዳዶዎቹም በመስቀለኛ ይጠብቃሉ፤ ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላም ቆሞ እንደገና ማጥበቅ ይገባል። ስኮርቱም እንዳይረሳ። በመኪናው ሥር ወይም ከኋላ በር ላይ ተንጠልጥሎ ዓመታት ያሳለፈ ስኮርት፣ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ፀሐይና አቧራ አድርቆት፣ አየሩም ተኖ ይገኛል። የተነፈሰ ስኮርት ይዞ መጓዝ ክብደት መጨመር ነው።

በአራቱም ጎማ የሚስብ መኪና ከሌላው የሚለይበት አንድ ነገር አለና እርሱን ልጨምር። በተራው መኪና አንድ ጎማ ቢጐዳ ሌላ ዐይነት ጎማ መግጠም ብዙም ላያስቸግር ይችላል። የመስክ መኪና ግን የፊቱና የኋላው በማርሽ ሲያያዙ አራቱም እኩል መዞር አለባቸው። ለምሳሌ 265/70 አር 16 የሆነ አዲስ ጎማ ዙሪያው 2 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለ ሆነ በአንድ ኪሎ ሜትር ወደ 410 ጊዜ ይዞራል። ጥርሱ 8 ሚሊ ሜትር ያለቀው ደግሞ ወደ 418 ጊዜ ይዞራል። በኪሎ ሜትር የ8 ዙር ልዩነት በጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት አይጐዳም፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ግን ጎማው መንሸራተት ስለማይችል ጭንቀቱ ሁሉ በማርሾቹ ላይ ይወድቃል። «መኪናው ማርሽ በላ» እየተባለ የሚቀርበው የጥገና ጥያቄ አንዳንድ ጊዜ መነሻው ሁለት አዲስና ሁለት አሮጌ ጎማ ማደባለቅ ነው። ስለዚህም በደረቅ አስፋልት ላይ የአራት ጎማ መሳቢያውን ማላቀቅ፣ ጎማም ሲለወጥ ቢቻል አራቱን፣ ባይቻል በአንድ አክሰል ያሉትን ሁለቱን አንድ ዐይነት አድርጎ መለወጥ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ንብረት ክፍል እንምጣ። በብዙ መሥሪያ ቤት አዲስ ጎማ ሲገባ ተረካቢው የሚቈጥረው ብዛቱን ነው፤ «ጎማ፣ 8» ተብሎ በሞዴል 19 ይመዘገባል፣ ይፈረማል። ነገር ግን ጎማው የልደት ምስክር ወረቀቱን በጎኑ ላይ ጽፎ ነው የሚመጣው። በላቲን ፊደል ከተጻፈው ረጅም ምልክት በመጨረሻ አራት አሐዞች አሉ። ሁለቱ የፊተኞቹ ሳምንቱን፣ ሁለቱ የኋለኞቹ ዓመቱን ያመለክታሉ። 2319 የሚል ካለ ጎማው እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሙጫ ሳይነዳም ያረጃል፤ በነጋዴ መጋዘን ስድስት ዓመት የተቀመጠ ጎማ አብረቅራቂ ቀለም ተቀብቶ ቢቀርብ አዲስ አይደለም። ታላላቅ ጎማ ሠሪዎች ጎማ ሥራ ላይ ከዋለ ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለ ሙያ እንዲመረመር፣ ከተሠራ አሥር ዓመት የሞላው ደግሞ ጥርስ ቢኖረውም እንዲጣል ይመክራሉ። ከመጠኑ ቀጥሎ ያለውም ምልክት መነበብ አለበት። 112 ኤስ የሚል ከሆነ 112 ማለት አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ግራም ለመሸከም፣ ኤስ ማለት ደግሞ በሰዓት እስከ 180 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ ተሠርቷል ማለት ነው። ርካሽ ጨረታ አሸናፊው ጎማ ስንት ኪሎ ይሸከማል የሚለው ጥያቄ በጨረታው ሰነድ ላይ ካልተጻፈ በኋላ የሚጠይቅ አይገኝም።

አዲሱ ጎማ ያለ ምክንያት ቢያብጥ ወይም ቢላቀቅ ለሻጩ ጥያቄ ማቅረብ ይገባል። ይህ እንዲሆን ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። በሞዴል 19 ላይ ብዛቱ ብቻ ሳይሆን በጎኑ የተጻፈው ሙሉ ምልክት ቢመዘገብ፣ በየትኛው መኪና በየትኛው ወገን በስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንደተገጠመ በሞዴል 22 ወጪ ሲደረግ ቢጻፍ፣ የተበላሸውም ጎማ ሳይቈረጥ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ቢቀመጥ፣ ሻጩ «ሾፌራችሁ ድንጋይ አስመታው» ለማለት አይመቸውም። ድንጋይ የመታው ጎማ ከውጭ ጭረት፣ ከውስጥም አንድ የተበጠሰ ስፍራ ብቻ ያሳያል። ከሥራው የተላቀቀው ግን ሽፋኑ በሰፊው ለስልሶ ይገነጠላል። ይህን ለመለየት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ በአንድ ረድፍ አስቀምጦ መመልከት ብዙ ያስተምራል።

የሚፈረም ገንዘብ የሚያሳስባቸው ኀላፊዎች «አራት ጎማ በአንድ ጊዜ ከየት ይመጣል?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሒሳቡ ከአንድ ወገን ብቻ አይታይ። ከዲምቱ ወዲያ ባለ ቀበሌ በምጥ የተያዘች እናት ወደ ሶዶ ሆስፒታል የሚያደርሳት አምቡላንስ እባጭ ባለበት ጎማ ቢነሣና መንገድ ላይ ቢቀር፣ የቀረው ጎማ አይደለም። የክትባት ሣጥን የጫነው መኪና ቀትር ላይ ቢቆም በረዶው ይቀልጣል፤ ክትባቱም ይበላሻል። እነዚህ በግዥ መዝገብ ላይ የሚጻፉበት ዐምድ ስለ ሌላቸው ብቻ ዋጋ የሌላቸው ይመስላሉ።

የወለቀው ጎማ መጨረሻው ምን ይሆናል? ብዙ መሥሪያ ቤቶች አሮጌ ጎማዎችን ሰብስበው በጨረታ ይሸጣሉ፤ ገዢውም ጥርሱን በቢላዋ አስቀርፆ፣ ጥቁር ቀለም ቀብቶ ለሌላ ባለ መኪና ሊሸጠው ይችላል። እንዲህ ያለው ጎማ ተመልሶ ሕዝብ በሚያመላልስ መኪና ሥር እንዳይገባ፣ ከመጋዘን ከመውጣቱ በፊት ጎኑን በመጋዝ ሁለት ስፍራ መቅደድ ይበቃል። ለበረባሶ ጫማ ሠሪዎች የተቀደደ መሆኑ አይጐዳቸውም፤ እነርሱ ቆራርጠው ነው የሚሠሩበት። ብቻ የዛሬው ጎማ ከጥርሱ ሥር የብረት ሽቦ ስላለው ቢላዋቸውን ያደነዝዝባቸዋል፤ ስለዚህ በጨረታው ቀን ከጎማው ክምር አጠገብ ቆመው በጥፍራቸው እየጫሩ ሽቦ የሌለውን የዱሮውን ዐይነት ሲፈልጉ ይታያሉ።